ለሸማኔ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ለታናሽ እህቴ ሠርግ ስድስት የሚዜ ቀሚስ አዘዝን። አምስቱ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ጥለት ይዘው መጡ። ስድስተኛው የራሱን አረንጓዴ ይዞ መጣ። ቤት ውስጥ በአምፖል ብርሃን ልዩነቱ ብዙም አይታይም ነበር፣ ፎቶ ልንነሳ ደጅ ስንወጣ ነው ጉዱ የፈላው። አልበሙ ላይ ያቺ ሚዜ ከሌላ ሠርግ ተሳስታ የመጣች ነው የምትመስለው፣ እስከ ዛሬ እንስቅባታለን። ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። ባለሱቁ «ሸማኔው ነው» አለ። ሸማኔውን ፈልገን ስናገኘው «ክር የሚሰጠኝ ባለሱቁ ነው» አለ። እኛ መሃል ላይ ቀረን።

ሁለቱም አልዋሹም፣ ቆይቶ ነው የገባኝ። ለአምስት ቀሚስ የበቃው ክር ስድስተኛው ላይ አለቀና ሌላ ተገዛ። ሌላ ቀን የተነከረ ክር ስሙ አንድ ቢሆንም መልኩ አንድ አይሆንም። ይህን ማንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ከዚያ ወዲህ የቤተሰቡ ልብስ አሳዛዥ እኔ ሆኛለሁ፣ አሜሪካና ዱባይ ያሉት ዘመዶቼ ሳይቀሩ «አንቺ እኮ ታውቂያለሽ» እያሉ ይልኩኛል። የማውቀው አብዛኛው ነገር ከተበላሸብኝ የመጣ ነው።

ማን እጅ ላይ እንዳላችሁ እወቁ

ሽሮ ሜዳ፣ የአዲስ አበባው የባህል ልብስ ገበያ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስትወጡ የአሜሪካን ኤምባሲ አለፍ ብሎ ነው። መንገድ ዳር የተሰቀለውን የሚሸጡላችሁ ሰዎች ባብዛኛው የሠሩት አይደሉም። የሚሠሩት ከጀርባ ባሉት ሰፈሮች ውስጥ ናቸው። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወይም ከዚያ ከመጣ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው፣ እግራቸውን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከተው ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ ሲወረውሩ ይውላሉ። ልብሱ እናንተ ጋ እስኪደርስ ቢያንስ ሦስት እጅ ያልፋል፦ ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ ባለሱቁ። ጥልፍ ካለበት ጠላፊም ይጨመራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋ አይደለም። «ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚሠሩት ወይስ ያሠራሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ባለሱቅ «እኔ አሠራለሁ እንጂ አልሠራም እህቴ፣ ቢበላሽ ግን የምትመጪው እኔው ጋ ነው» አለኝ። እሱ ጋ እስከ ዛሬ አዛለሁ። «ሁሉንም ራሴ ነኝ የምሠራው» ብሎ እጁ ላይ የክር ምልክት የሌለበት፣ ድርና ማግን ሲለይ የሚደናገር ሰው ግን ያስጠረጥራል። ማሠራት ነውር አይደለም። መደበቁ ነው የሚያሳስበው፣ ምክንያቱም ነገር ሲበላሽ ያ የተደበቀው እጅ ነው ጥፋተኛ የሚደረገው።

በቀጥታ ከሸማኔ ጋር መሥራትም ይቻላል። ዋጋው ሊቀንስ ይችላል፣ ክሩንም አብራችሁ ትመርጣላችሁ። ግን ሸማ ብቻ ነው የምትረከቡት። ሰፊ መፈለግ፣ መከታተል፣ መመላለስ የእናንተ ሥራ ይሆናል። ለአንድ ጋቢ ወይም ነጠላ ያዋጣል። ለሠርግ፣ በተለይ ሥራ ላለበት ሰው፣ እኔ አልመክርም።

ስሙን ሳይሆን ክሩን ጠይቁ

ሸማውን «መነን ነው» ይሏችኋል፣ «ፈትል ነው» ይሏችኋል፣ በእጅ የተፈተለ ክር ነው ማለታቸው ነው። ስሞቹ ትርጉም አላቸው፣ ግን ገበያ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ነገር ፈትል ይሆናል። እንዲህ ጠይቁ፦ ድሩ ምንድን ነው? ማጉስ? ድር በቁመት የሚዘረጋው ነው፣ ማግ በአግድም የሚገባው። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ የእጅ ፈትል ይሆናል ወይም እሱም የፋብሪካ። ሁለቱም ጥሩ ልብስ ይወጣቸዋል። ችግሩ የፋብሪካውን በፈትል ዋጋ መግዛት ነው። የእጅ ፈትል እኩል አይሄድም፣ ወፈር ቀጠን ይላል። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ስታዩት ያስታውቃል።

ፎርጅዱን መለየት ደግሞ ከሚያስቡት ይቀላል። ልብሱን ገልብጡት። በእጅ የተሸመነ ጥበብ ከኋላም ጥበብ ነው፣ ክሩ ከአንዱ ቅርፅ ወደ ሌላው ሲሻገር ይታያል፣ እዚህም እዚያም የክር ጫፍ ይኖራል። የታተመው ከኋላ ገርጣ ያለ ነው። ጠርዙንም እዩ። በሸማኔ እጅ የተሠራ ሸማ ጠርዙ ላይ ማጉ ዞሮ ተመልሷል፣ ከጥቅል ተቆርጦ የመጣ ጨርቅ ግን ጠርዙ ይተረተራል ወይም በማሽን ታፍኗል። ስፋቱም ይናገራል። ባህላዊው መሸመኛ ላይ የሸማው ወርድ ሸማኔው መወርወሪያውን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ እስከሚያቀብልበት ድረስ ነው፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ ጋቢ መሃሉ ላይ መጋጠሚያ ስፌት ቢኖረው ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ያ ስፌት ያጽናናኛል።

«ጥለቱ ሐር ነው» ካሏችሁ አንድ ክር ለምኑና ከሱቁ ወጥታችሁ ክብሪት ለኩሱበት። ከሱቁ ወጥታችሁ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ዙሪያችሁ ያለው ሁሉ ጥጥ ነው! ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድዳል፣ አመዱም ይበናል። እውነተኛ ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተርና ናይለን ግን ቀልጠው እንደ ዶቃ ይደርቃሉ። አብዛኛው «ሐር» የሚባለው ጥለት የትል ሐር አይደለም። ዋጋው ያንን እስከመሰለ ድረስ ምንም አይደለም።

ቀለሙን ለመፈተን ነጭ መሐረብ አርጥባችሁ ጥለቱ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። መሐረቡ ከቀላ ያ ጥለት አንድ ቀን ነጩን ቀሚስ ያቀላዋል። ባለሱቁ ቢቆጣ ይቆጣ።

የእኔ ስድስተኛ ቀሚስ ጉዳይ ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይፈታ ነበር፦ «የሁሉም ክር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ፣ ትርፍ ጨምሮ ይገዛ።» ከሁለት በላይ ተመሳሳይ ልብስ የምታሳዝዙ ከሆነ ይህን ሳትናገሩ ከሱቁ አትውጡ። የተገዛውን ክር ፎቶ እንዲልኩላችሁም ጠይቁ፣ የሚከብድ ነገር የለውም።

ቀብዱ

ቀብድ ለክር መግዣ ነው፣ ሸማኔም ሆነ ባለሱቅ ሳይቀበል ቢጀምር ነው የሚገርመኝ። ብዙ ቦታ ግማሹን ይጠይቃሉ። ሙሉውን የሚጠይቅ ካለ እኔ አመስግኜ እወጣለሁ፣ ምክንያቱም ቀሪው ገንዘብ ነው ስልካችሁን እንዲያነሱ የሚያደርገው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቀብድ ሕግ ያለው መሆኑን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። ቁጥር 1885 ላይ ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ስለ አንድ ቀሚስ ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም፣ እኔም ሄጄ አላውቅም። ግን ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል በግልጽ ሲጻፍና ሁለታችሁም ስትፈርሙ ወሬው ይለወጣል። «እጥፉን እኮ ነው የሚመልሱልኝ» ብዬ እየሳቅኩ ያልኩት አንድ ሰው ልብሱን ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድሞ አደረሰልኝ። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ረጅም አይሁን። የልብሱ ዓይነትና ብዛት፣ የድሩና የማጉ ክር፣ የጥለቱ ወርድ በሴንቲ ሜትር፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ የተከፈለ፣ የቀረ፣ የመረከቢያ ቀን። የጥለቱ ወርድ ለምን? ብዙ ቀን የሚበላው ጥለቱ ነው፣ ሥራ ሲበዛ ቀስ ብሎ የሚጠበውም እሱ ነው። አራት ጣት ተብሎ ሦስት ጣት ይመጣል፣ ከዚያ የማን ጣት እንደሆነ ክርክር ይጀመራል። ከተቻለ የክሩን ቁራጭ ወረቀቱ ላይ በስቴፕለር ምቱ። በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈላችሁ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የቀሚስ ቀብድ» ብላችሁ ጻፉና ስክሪንሹቱን አስቀምጡ።

ስለ ቀን አንድ ነገር ልጨምር። የጥር ሠርግ ልብስ ታኅሣሥ ላይ የሚያዝ ሰው ከሸማኔው ይልቅ በራሱ ይፈረድበት። ከጥምቀት በኋላ እስከ ሁዳዴ፣ እንደገና ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉም ሰው ሠርግ ያለው ነው የሚመስለው። መስከረም ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ለጋሞ ሰው መስቀል የዓመቱ ትልቅ በዓል ነው፣ ብዙ ሸማኔ ሥራውን አስቀምጦ አገሩ ይገባል። «ለጥቅምት መጀመሪያ ይደርሳል» ካሏችሁ «መስቀልን ቆጥራችኋል?» በሏቸው። ዝም ካሉ አልቆጠሩም።

ልኬትና ስልክ

ልኬት በሜትር ይወሰድ፣ በክንድ ወይም «እንደኔ ቁመት ናት» በሚል አይሆንም። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ከትከሻ እስከ መሬት። የመጨረሻውን ሠርጉ ላይ የሚደረገውን ጫማ አድርጋችሁ ተለኩ። ከውጭ የምትልኩ ሰዎች ሆይ፣ ኢንች ይሁን ሴንቲ ሜትር ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ጻፉልን። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ «ወገብ 32» ብላ ላከች፣ ሰፊው ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ «ሕፃን ናት እንዴ?» አለኝ። ጥሩ ሰፊ ስለነበረ ጠየቀ። ያልጠየቀ ቢሆንስ?

ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ በተለይ የእጅ ፈትል የመጀመሪያው እጥበት ላይ። ከመሰፋቱ በፊት ሸማው ታጥቦ እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልታጠበ ከታች የሚለቀቅ እጥፋት እንዲተዉ አድርጉ።

ከቴሌግራምና ከቲክቶክ ማዘዝ አሁን የተለመደ ነው፣ እኔም አዝዣለሁ። ግን የምታዩት ፎቶ የማን እንደሆነ አታውቁም። አንድ ቀሚስ በአራት ቻናል ላይ በአራት ዋጋ አይቻለሁ፣ ከኋላ ያለው መጋረጃ ሳይቀር አንድ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ጠይቁ። የተዘጋጀ ቪዲዮ ሳይሆን አሁን ደውለው ልብሱን ገልብጠው፣ ጠርዙን አቅርበው የሚያሳዩትን። እውነተኛ ሻጭ በዚህ አይቆጣም፣ ቢበዛ «ማታ ልደውልልሽ» ይላል። አስተያየት መስጫውን የዘጋ ቻናል ላይ እኔ ገንዘብ አልክም። ሱቅ ካለው ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አንድ ዘመድ ሄዶ አይቶ ቀብዱን በእጁ ይስጥ። ዘመዱን አስቸግሩት፣ ለዚህ ነው ዘመድ። ብቻ ዘመዱ ልብሱን ሲቀበል ፌስታሉን ሳይከፍት «ወስጃለሁ» እንዳይል ተማጸኑት።

እኛም ብንሆን

ሸማኔዎች ስለ ደንበኛ የሚያወሩትን ብትሰሙ ታፍራላችሁ። አንድ አዛውንት ሸማኔ ቤት ግድግዳ ላይ ሳይወሰዱ የቀሩ ሦስት ጥለቶች ተሰቅለው አይቻለሁ። ባለቤቶቻቸው ሠርጉ ቀረ፣ ቀለሙን ቀየርን፣ ነገ እንመጣለን ያሉ ናቸው። በሰው ልክና በሰው ምርጫ የተሠራ ጥለት ሌላ ገዢ በቀላሉ አያገኝም፣ ቀብዱ ደግሞ ከክሩ አይተርፍም። «አባባ፣ ለምን አይሸጧቸውም?» ብላቸው «ማን ብርቱካንማ ከወይን ጠጅ ጋር ይገዛል የኔ ልጅ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ያስጠላ ነበር።

መከራከር ይቻላል፣ ገበያ ነው። ግን ከሥር እየቆረሳችሁ ስትወርዱ የሚቀነሰው ከባለሱቁ ትርፍ አይደለም፣ ከክሩ ወይም ከሸማኔው ቀን ነው። እኔ አሁን ዋጋ የምቀንሰው ጥለቱን በማጥበብ ነው፦ «ይህን ያህል ነው ያለኝ፣ በዚህ ምን ዓይነት ይሠራል?» እላለሁ። ያን ጊዜ የሚቀነሰውን እኔው አውቄ እቀንሳለሁ።

ደግሞ አነጋገር አለ። ሸማኔን መናቅ በአገራችን ሥር የሰደደ ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በኋላም ሱቅ ውስጥ ቆማ «እነዚህ ሰዎች እኮ» ብላ የምትጀምር ደንበኛ አጋጥማኛለች። ልብሷ መጨረሻ ላይ ቢሠራ አይገርመኝም።

ስለ ኮፍያው

ከሸማው ጎን የሚሰቀለውን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የጋሞ ኮፍያ ብዙ ሰው ለስጦታ ይገዛል፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። በእጅ የተሠራውና በማሽን ተሠርቶ የሚመጣው ጎን ለጎን በአንድ ዋጋ ይሰቀላል። እዚህም ገልብጡት። ቀለሞቹ ከውስጥም መኖር አለባቸው፣ መጋጠሚያው የት እንዳለ ፈልጉ፣ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁትና ወደ ቦታው ይመለስ እንደሆነ እዩ። ልክ ለማሳዘዝ ሜትሩን ከቅንድብና ከጆሮ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጭንቅላቱን አዙሩ። ለአሜሪካ ብርድ ከሆነ ገበር ይኑረው በሉ። ቀይ ቀለሙን በመሐረቡ ፈትኑ፣ ዝናብ የነካው ኮፍያ ግንባር ላይ ምን እንደሚያደርግ አጎቴን ጠይቁት።

ስትረከቡ

ልብሱን በቀን ብርሃን ተረከቡ፣ ወደ ደጅ አውጡት። ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉንም ጎን ለጎን ዘርጉ። እኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሚዜ የራሷን አረንጓዴ ለብሳ አትቀርም ነበር። ጥለቱን በሜትር ለኩ፣ ልበሱት፣ ተቀመጡበት፣ እጃችሁን አንሱ፣ እስክስታም ሞክሩ ቢያዩዋችሁም። ስህተት ካለ ቀሪውን ሳትከፍሉ፣ ግን ሳትጮኹ፣ «ይሄ መቼ ይስተካከላል?» ብላችሁ ቀኑን እዚያው ወረቀት ላይ አስጽፉ። ስለዚህ የመረከቢያው ቀን ከሠርጉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቅደም።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የተረፈውን ክር ጠይቁ። ከሁሉም ቀለም ትንሽ ትንሽ፣ በወረቀት ጠቅለል አድርገው ይሰጧችኋል። ጥለቱ አንድ ቀን ምስማር ላይ ሲያዝና ሲመዘዝ በዚያው ክር ይጠገናል።